20 በ 25 ሳሳጥበው የአያቴ እግር ከፎቶው ወጣ፤ እናንተ መጠን የምትመርጡት እንዴት ነው?

ብርሃን_ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ለጥምቀት መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ፣ አያቴ ጋ ሄጄ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ በራፍ ላይ ወጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባናቸውን ደርበዋል፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ ከኋላቸው የድንጋይ ቤቱ ግድግዳ አለ። ካሜራዬን በቁመት ይዤ አነሳኋቸው። ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ እሱን የሚያህል የለኝም። ፊታቸው ላይ ያረፈው ብርሃን፣ የእጃቸው ደም ስር፣ የባናው ፀጉር ሳይቀር ይታያል።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ገበያ ላይ 20 በ 25 ሴንቲ የሆነ ቆንጆ የእንጨት ፍሬም አይቼ ገዛሁ። ከዚያ ፎቶውን በፍላሽ ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩና "በ 20 በ 25 እጠቡልኝ" አልኩ። ስቀበል ተጠቅልሎ ነበር፣ ማታ ፊት ፊቱን ብቻ አይቼ ፍሬሙ ውስጥ አስገባሁት። ለፋሲካ ይዤላቸው ሄድኩ።

አያቴ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ዞረው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን የታችኛው ጠርዝ ላይ አድርገው "እግሬስ የት ሄደ?" አሉኝ። እውነትም ከቁርጭምጭሚት በታች የለም። ከላይም የጣራው ክዳን ተቆርጧል። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ግን ሙሉ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው አላወቅኩም፣ አንጀቴን በላኝ።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ ይሄ ለምን ሆነ? ደግሜ ሳሳጥብ ምን መጠን ልበል? ፎቶውን ራሴ ቆርጬ ነው መውሰድ ያለብኝ ወይስ ለፎቶ ቤቱ ልተወው? ካሜራዬ የሚሰጠኝ 6000 በ 4000 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ነው። ደግሞ ከጣርማ በር ላይ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያነሳሁት አንድ ሰፊ ፎቶ አለኝ፣ እሱንም ለእህቴ ቤት ግድግዳ አስቤዋለሁ።


የላብ_ሰው (አዲስ አበባ)

እህቴ አይዞሽ፣ ማተሚያ ላይ ነው የምሠራው፣ ይሄ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ወረቀቱና ፎቶው ቅርፃቸው አይገጥምም፣ ነገሩ ይሄው ነው።

የካሜራሽ ፎቶ 6000 በ 4000 ከሆነ ረጅሙ ጎን የአጭሩ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። 3 ለ 2 የሚባለው ይሄ ነው። 20 በ 25 ደግሞ 5 ለ 4 ነው፣ ማለትም ደልደል ያለ፣ ቁመቱ ያጠረ ወረቀት። ያንቺ ፎቶ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሲሆን ቁመቱ 30 ይመጣል። ወረቀቱ ያለው 25 ብቻ ነው። አምስቷ ሴንቲ የት ትግባ? ማሽኑ "ወረቀቱን ሙላ" ተብሎ ከተሰጠው መሃሉን ይይዝና ከላይ ሁለት ተኩል፣ ከታች ሁለት ተኩል ይቆርጣል። ከፎቶሽ አንድ ስድስተኛው ሄደ ማለት ነው። ማሽን እግር ይሁን ሰማይ አይለይም።

ስለዚህ መጠኖቹን በቤተሰብ ያዢያቸው። ያንቺ ካሜራ ዘመዶች 10 በ 15፣ 20 በ 30፣ 30 በ 45፣ 50 በ 75 ናቸው። እነዚህ ላይ ፎቶሽ እንዳለ ይወጣል፣ የሚጎድል የለም። 15 በ 20 እና 30 በ 40 የ 4 ለ 3 ናቸው፣ ከአብዛኛው ስልክ ጋር ይስማማሉ። 20 በ 25 እና 40 በ 50 የ 5 ለ 4 ናቸው። 13 በ 18 መሃል ላይ ነው፣ ካንቺ ፎቶ የሚወስደው ትንሽ ነው፣ ከ 19 ተኩል ሴንቲ ላይ አንድ ተኩል ያህል። ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ ጠርዝ ላይ ሰው ካለ ግን ይነካል።

ደግመሽ ስታሳጥቢ 20 በ 30 በይ። ግዴታ 20 በ 25 ከሆነ ደግሞ "ሳይቆረጥ ይግባ፣ ነጩ ይትረፍ" ብለሽ ንገሪያቸው። ያኔ ቁመቱ 25 ስፋቱ 16.7 ገደማ ይሆናል፣ ግራና ቀኝ ነጭ ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገር። ነጭ ጠርዝ የሌለው ህትመት ላይ ማሽኑ ምስሉን ከወረቀቱ ትንሽ አስበልጦ ነው የሚያትመው፣ በጎን ነጭ መስመር እንዳይታይ። ስለዚህ ቅርፁ ቢገጥምም በየጎኑ ጥቂት ሚሊ ይበላል። ጫፍ ላይ ፊርማ ወይም ቀን የምትጽፉ ሰዎች ይሄን አትርሱ።


ፍሬም_ሠሪው (ደብረ ብርሃን)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው፣ ነጭ ይትረፍ በሚለው ግን አልስማማም። ግራና ቀኝ ነጭ፣ ላይና ታች ምንም የሌለው ፎቶ ፍሬም ውስጥ ሲገባ የተሳሳተ ነው የሚመስለው። ሰው ሲያየው መጀመሪያ የሚያየው ነጩን ነው። እኔ ጋ እንደዚያ ይዘው ሲመጡ ስለት ይዤ ነጩን ቆርጬ በልኩ ፍሬም እሠራለሁ።

እህቴ፣ ያጠፋሽው አንድ ነገር ቢኖር ፍሬሙን አስቀድመሽ መግዛትሽ ነው። ፍሬም ለፎቶ ነው የሚፈለግለት። ገበያ ላይ የሚገኙት ዝግጁ ፍሬሞች ሦስት አራት ልክ ብቻ ናቸው፣ ፎቶሽን በነሱ ልክ ካስገባሽው ሁልጊዜ የሚቆረጠው ፎቶው ነው።

ግን ዝግጁ ፍሬምም ቢሆን መላ አለው። 30 በ 40 ፍሬም ግዢ። ፎቶውን 20 በ 30 አሳጥቢ። ከመስታወቱ ስር የሚገባ ወፍራም ካርቶን 30 በ 40 አድርገሽ ቁረጪና መሃሉን 19.4 በ 29.4 ክፈቺው። ሦስት ሦስት ሚሊ በየጎኑ ፎቶው ላይ ይደርባል፣ እንዳይወድቅ። አሁን ሂሳቡን እይው፣ በአራቱም ጎን የሚተርፈው ካርቶን 5.3 ሴንቲ ነው፣ እኩል በእኩል። እነዚህ ሁለት ልኮች ቅርፃቸው የተለያየ ሆኖ እንዲህ ሲገጥሙ ደስ ይለኛል። አንዳንድ ሰው የታችኛውን ጠርዝ ትንሽ ሰፋ ያደርገዋል፣ ፎቶው ወደ ታች የሰመጠ እንዳይመስል። ግማሽ ሴንቲ ወደ ላይ ብታወጪው ለዓይን ይስማማል።

ካርቶኑ ለውበት ብቻ አይደለም። ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ ያርቀዋል። የኛ አገር ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ያልበዋል። ፎቶ ከመስታወት ጋር ተጣብቆ እርጥበት ካገኘው መላቀቂያ የለውም። ስንት የሰርግ ፎቶ ከመስታወቱ ላይ ላነሳ ስል ቀለሙ ተልጦ ቀርቷል። ያ ያስለቅሳል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ደግሞ የፍሬሙ ከንፈር በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ያህል ይሸፍናል። ያለ ካርቶን ካስገባሽ ያንንም ቆጥሪ።


መምህሩ (መሐል ሜዳ)

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ነው ያለኝ። ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የተማሪዎቹን ፎቶ መስቀል ፈልገን ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ በቴሌግራም ሰብስቤ ሸዋ ሮቢት በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁና 30 በ 40 አሳተምን። ሲመጣ የልጆቹ ፊት ሁሉ ጭጋግ የገባበት ነው የሚመስለው። ስልኬ ላይ ግን ጥርት ያለ ነበር። ልጆቹ ራሳቸውን ሊያዩ ተሰብስበው "ይሄ እኔ ነኝ? አንተ ነህ?" እያሉ ሲጠያየቁ በጣም ከፋኝ። ምንድን ነው ችግሩ?

ሁለተኛ ጥያቄ፣ ስልኬ ላይ 4 ለ 3፣ 16 ለ 9፣ 1 ለ 1 የሚል ምርጫ አለ። የቱ ነው ለማሳጠብ የሚሻለው? እኔ እስካሁን 16 ለ 9 ላይ ነበር፣ ስክሪኑን ስለሚሞላ።


የላብ_ሰው (አዲስ አበባ)

መምህር፣ የመጀመሪያው ከመላኪያው ነው። ቴሌግራም ላይ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ተጨምቆ ነው የሚሄድ። ፋይሎቹን ከፍተው ዝርዝራቸውን ይዩ፣ 1280 በ 960 ሊሆኑ ይችላሉ። 1280 ፒክስል 40 ሴንቲ ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 80 ያህል ነጥብ ብቻ ነው የሚደርሰው። እጅ ላይ ተይዞ ለሚታይ ህትመት በኢንች 300 ነው የሚመከረው፣ 200ም ጥሩ ነው። ያንኑ ፋይል በ 10 በ 15 ቢያሳትሙት ኖሮ በኢንች ከ 200 በላይ ይሆንና ልጆቹ ጥርት ብለው ይወጡ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ባልደረቦችዎ ፎቶውን "እንደ ፋይል" አድርገው ይላኩልዎ። ያኔ ሳይነካ ይመጣል። ዋናው ፎቶ ስልካቸው ላይ ካለ ምንም አልጠፋም፣ ደግመው ማሳተም ይችላሉ።

ሁለተኛው፣ 4 ለ 3 ላይ ይተዉት። የአብዛኛው ስልክ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ራሱ 4 ለ 3 ነው። 16 ለ 9 ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች ቆርጦ ነው የሚሰጥዎ። ከዚያ 10 በ 15 ሲያሳጥቡት ወረቀቱን ለመሙላት ደግሞ ከጎን ይቆረጣል። ሁለቴ ተቆረጠ። የክፍል ፎቶ ላይ ዳር የሚቆሙት ልጆች ናቸው የሚጠፉት። 4 ለ 3 አንስተው በ 15 በ 20 ካሳጠቡ ምንም አይጎድልም። 12 ሜጋፒክስል ስልክ 4000 በ 3000 ይሰጣል፣ ከዚያ 30 በ 40 ግድግዳ ላይ የሚሰቀል በደንብ ይወጣል፣ በኢንች 250 ገደማ ነው።


መምህሩ (መሐል ሜዳ)

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። አየሁት፣ ሁሉም 1280 ነው። የሒሳብ መምህር ሆኜ ይሄን ማስላት ነበረብኝ። ነገ ክፍል ውስጥ ለልጆቹ እንደ ጥያቄ አቀርበዋለሁ፣ ምጥጥን እያስተማርኳቸው ነው።


ጨለማ_ክፍል (ደብረ ብርሃን)

ልጆች፣ እኔ ከፊልም ዘመን ነኝ። ፎቶ ቤት ነበረኝ። ጉርድ ፎቶ በ 3 በ 4 ስንት ሺህ ቆርጫለሁ፣ ቁጥሩን አላውቀውም። ስለ ምጥጥን ስትነጋገሩ ሳይ ደስ አለኝና አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

3 ለ 2 ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከሲኒማ ፊልም ነው። የሲኒማው ክፈፍ 18 በ 24 ሚሊ ነበር። ኦስካር ባርናክ የሚባል ጀርመናዊ ያንኑ ፊልም በጎኑ አስተኝቶ እጥፍ አደረገው፣ 24 በ 36 ሆነ። ላይካ ካሜራ በ 1925 እንደ ፈረንጆቹ ገበያ ላይ ሲወጣ ይሄን ልክ ይዞ ወጣ፣ ዛሬ የልጄ ካሜራ 6000 በ 4000 የሚሰጣት ከዚያ ተወርሶ ነው። 20 በ 25 ግን ከዚያ ይቀድማል፣ ትልልቅ ካሜራ በሦስት እግር ቆሞ ሰው በሚያነሳበት ጊዜ የነበረ ልክ ነው። ሁለቱ ሲጀመር ለየብቻ የተወለዱ ናቸው። አለመግጠማቸው አይግረማችሁ።

እኛ ስንሠራ ማሽን አይቆርጥልንም ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ምስሉ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ የወረቀቱን መያዣ በእጃችን ወደ ላይ ወደ ታች እየገፋን ነው ምን እንደሚቀር የምንወስነው። ለአንድ ፎቶ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት። ስለዚህ ልጄ፣ ጥያቄሽ "ራሴ ልቁረጥ ወይስ ልተወው" ከሆነ፣ ራስሽ ቁረጪ። አያትሽን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።

እንዲህ አድርጊ። ከወፍራም ካርቶን ሁለት የአናጢ ስኳድራ (L የሚመስል) ቅርፅ ቁረጪ። በ 10 በ 15 አንድ ርካሽ ቅጂ አሳጥቢ። ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ ሁለቱን ስኳድራ ተቃራኒ ማዕዘን ላይ አጋጥመሽ መስኮት ሥሪ፣ ከዚያ አጥብቢው፣ አስፊው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ውሰጂው። ኮምፒውተር ላይም ይሠራል ትሉኛላችሁ። ይሠራል። እጅ ላይ ሲሆን ግን ሌላው የፎቶው ክፍል ጨርሶ ይሸፈናል፣ ዓይንሽ የቀረውን ብቻ ያያል።

ስትቆርጪ ሰውን መገጣጠሚያው ላይ አትቁረጪ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ እነዚህ ላይ ስለት ካረፈ ሰውየው የጎደለው ይመስላል። ያያትሽም እንደዚያ ነው የሆነው። ጭን ላይ ወይም ደረት ላይ ከሆነ ግን ዓይን ይቀበለዋል። የሚያዩበት አቅጣጫ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ወደ ግራ የሚያይ ሰው አፍንጫው ጠርዙን እንዲነካ አታድርጊ።

ከሁሉ በላይ ግን ስታነሺ ትንሽ አየር ተዪ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ኋላ ላይ መቁረጥ ይቻላል፣ መቀጠል አይቻልም።


ጓሳ_ወጪ (አጣዬ)

ጋሼ፣ የመጨረሻውን ቃልዎን እቀበላለሁ፣ ግን ለሁሉም ፎቶ አይሆንም። እኔ ጓሳ፣ የመንዙ ጥብቅ ቦታ ነው የምውለው። ቀይ ቀበሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ አሥር እርምጃ ወደ ፊት ብሄድም ያው ነጥብ ነው። ጭላዳዎቹ ይቀርባሉ፣ እነሱ ላይ ችግር የለም፣ ሳር እየነቀሉ አጠገብህ ይቀመጣሉ። ቀበሮው ግን ጓሳ ሳሩ ውስጥ አይጥ ሲያደን ከሩቅ ነው የሚታይ። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ብዙ ነው የምቆርጠው።

ባለፈው አንዷን ከ 6000 በ 4000 ላይ ቆርጬ ቆርጬ 1400 በ 1000 ቀረችኝ። ሰው ሁሉ "ይሄ አይታተምም" አለኝ። በ 13 በ 18 አሳጠብኩት፣ በኢንች 200 ገደማ ነው የሚሆነው፣ ጆሮዋ ላይ ያለው ነጭ ፀጉር ሳይቀር ይታያል። ትንሽ ፎቶ ትንሽ መሆኗ አይደለም የሚጎዳት፣ ያለ ልኳ ስትለጠጥ ነው። 30 በ 45 ልበላት ብል ኖሮ የመምህሩ ልጆች የሆኑትን ትሆን ነበር።

300 የሚለው ቁጥር ላይም ሰው ለምን እንደሚሞት አይገባኝም። እጅህ ላይ ይዘህ ለምታየው ነው እንጂ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ከሁለት ሜትር ለምታየው 150ም ይበቃል። ከርቀት ዓይናችን ነጥቦቹን አይለይም። መንገድ ላይ የሚሰቀሉ ትልልቅ ባነሮች ቀረብ ብላችሁ እይዋቸው፣ ነጥብ ነጥብ ናቸው።

አሁን ወደ ጣርማ በሩ ፎቶ። ብርሃን ለቃሚ፣ ያን ቦታ አውቀዋለሁ። ከዋሻው ስትወጪ አገሩ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይከፈታል፣ ጠዋት ከሆነ ደመናው ከእግርሽ በታች ነው። እዚያ የሚነሳ ፎቶ ሁሉ ግማሹ ባዶ ሰማይ ይሆናል፣ ከታች ደግሞ የመንገዱ አጥር ይገባል። 3 ለ 2 ላይ አትሙችበት። ረጅም አድርገሽ ቁረጪው፣ 2 ለ 1 ወይም 3 ለ 1። ሸንተረሩ አንዱ ካንዱ እየደራረበ ወደ ቆላው ሲወርድ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ይፈልጋል፣ ሰማዩ ያቆመዋል።

ከ 6000 በ 4000 ላይ 3 ለ 1 ስትቆርጪ 6000 በ 2000 ይቀርሻል። በ 90 በ 30 ሴንቲ ብታሳትሚው በኢንች 170 ያህል ነው። ለሳሎን ግድግዳ ከበቂ በላይ። "እንዲህ ያለ ወረቀት የለም" ካሉሽ ጥቅል ወረቀት የሚጠቀም ቦታ ፈልጊ። ጥቅሉ ስፋቱ የተወሰነ ነው፣ 61 ሴንቲ የሆነ ብዙ ጊዜ አለ፣ ርዝመቱን ግን አንቺ ነሽ የምትወስኚው። 61 ላይ ደግሞ 30 ሴንቲ የሆኑ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ይወጣሉ። ከጓደኛሽ ጋር ተጋሪ።


ጨለማ_ክፍል (ደብረ ብርሃን)

የጓሳው ልጅ፣ ልክ ነህ። እኔ ስናገር ሰው ላይ እያሰብኩ ነው። አውሬ ማንሳት ሌላ ሙያ ነው። ስለ ጣርማ በሩ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጄ፣ ፎቶው ላይ ሰው ወይም መኪና አለ? ረጅም አድርጎ የተቆረጠ አገር የሚለካበት ነገር ካጣ ተራራው ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት እንኳ ጥግ ላይ ብትኖር እሷን ጠብቂያት።


ብርሃን_ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ ሰው የለም፣ ግን ታች ጠመዝማዛው ላይ አንድ ነጭ አይሱዙ አለ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ያንሳል። እስካሁን ላጠፋው እያሰብኩ ነበር፣ አሁን ይቆያል።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስኳድራዎቹን ከጫማ ካርቶን ሠራሁ። ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ያህል ያያቴን ፎቶ ሳገላብጥ አመሸሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደረታቸው ድረስ ብቻ አድርጌ አየሁት፣ 20 በ 25 ቅርፅ። ፊታቸው ይጎላል፣ ያምራልም። ግን እጃቸው ወጣ። ምርኩዙን የያዘው እጅ ከሌለ ማንም ሽማግሌ ሊሆኑ ነው፣ የኔ አያት አይደሉም። ሁለተኛ፣ 5 ለ 4 ሆኖ የሚቆረጠውን ሁሉ ከላይ ብቻ ወሰድኩ። ከ 6000 ላይ 1000 ፒክስል ከላይ፣ ከታች ምንም። እግራቸው ሙሉ ነው፣ ሰማዩና ጣራው ሄደ፣ የበሩ መቃን ቀረ። ይሄኛው ይሠራል! ፎቶ ቤቱ መሃሉን ባይዝ ኖሮ 20 በ 25ም ያለ ጉዳት ይወጣ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው ሙሉው ነው። ጣራው ሲመለስ ቤቱ ቤት ይሆናል።

ለአያቴ ሙሉውን በ 20 በ 30 አድርጌ በ 30 በ 40 ፍሬም ከካርቶን ጋር። ለእህቴ ደግሞ ከላይ ብቻ የተቆረጠውን በ 20 በ 25፣ በተገዛው ፍሬም፣ እሱም ከንቱ አይቀርም። ወረቀቱ ግሎሲ (የሚያብረቀርቀው) ይሁን ማት (የማያብረቀርቀው)?


የላብ_ሰው (አዲስ አበባ)

ማት። መስታወት ስር ስለሚገባ ግሎሲው ለውጥ የለውም፣ በር ፊት ለፊት ከተሰቀለ ደግሞ ድርብ ነጸብራቅ ነው። ቆርጠሽ ስታስቀምጪ ዋናውን ፋይል አትንኪ፣ በሌላ ስም አስቀምጪ። የፋይሉን ስም "20በ25 ለእህቴ፣ አይቆረጥ" ብለሽ ጻፊው። ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ልጅ የሚያነበው እሱን ነው። እኔ እንደዚያ ተጽፎ ሲመጣልኝ ሁለቴ አያለሁ።

ስትቆርጪ ደግሞ ሪሾውን (ምጥጥኑን) ቆልፈሽ ቁረጪ። ብዙ ሰው በዓይኑ ገምቶ ይቆርጥና 4 ለ 5 የሚመስል ግን ያልሆነ ፋይል ያመጣል። ማሽኑ ያንን አይቶ እንደገና ይቆርጣል።


ፍሬም_ሠሪው (ደብረ ብርሃን)

ካርቶኑን በጫማ ካርቶን እንዳትሠሪው። ቡናማው ካርቶን ከጊዜ በኋላ ፎቶውን ያቢጫዋል። ወፍራም ነጭ ካርቶን ይዘሽ ነይ፣ እኔ በአርባ አምስት ዲግሪ ጠርዙን አዘንብዬ እቆርጥልሻለሁ፣ ለሱ ገንዘብ አልቀበልም። ያያትሽን ፎቶ ማየት እፈልጋለሁ።


ብርሃን_ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ፎቶውን ወሰድኩላቸው። ፍሬም ሠሪው፣ እጅህ ይባረክ፣ ካርቶኑ ላይ አንድ የእርሳስ ምልክት እንኳ የለም። አያቴ ከጨርቁ ሲያወጡት እኔ እግራቸውን እያየሁ ነበር፣ እሳቸው ግን ቀጥታ ወደ ታችኛው ጠርዝ ሄዱ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ከጫማቸው ስር ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነኩ። ድንጋዩ መሃሉ ላይ ሰንጥቋል። "ይሄን አባቴ ነው ያነጠፈው፣ የተሰነጠቀው እኔ ልጅ ሆኜ ነው" አሉኝ። እኔ ፎቶውን ስቆርጥ ስቀጥል ስከርም ድንጋዩን አላየሁትም። ያኔ "እግሬስ?" ሲሉኝ የቆሙበትን እየጠየቁኝ ነበር።

አሁን ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ሚስማር አይቀበልም፣ ምድጃውም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። የት ላድርገው?


ፍሬም_ሠሪው (ደብረ ብርሃን)

ድንጋዩን አትብሺው። የጣራው ማገር እንጨት ነው፣ እዚያ ላይ ሁለት ሚስማር መትተሽ በሽቦ አንጠልጥዪው፣ ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ይራቅ። ከጀርባው አራት ማዕዘኑ ላይ የቡሽ ወይም የጎማ ቁራጭ ለጥፊ፣ አየር ይገባዋል። ከምድጃው በተቃራኒ ይሁን፣ ጭሱ ወደ በሩ ስለሚወጣ በሩ ራስ ላይ አይሁን። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታም አይሆንም፣ ቀለሙን ይበላዋል። መደቡ በኩል ያለው ግድግዳ ካለ እሱ ይሻላል። ከጀርባው ያለውን ወረቀት ግጥም አድርጌ ነው የለጠፍኩት፣ ከተላቀቀ መልሰሽ አምጪው።


ጨለማ_ክፍል (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ ድንጋዩን ለብቻው አንሺው። በሚቀጥለው ስትሄጂ፣ ጠዋት፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ስንጥቁ ጥላ እንዲኖረው። አራት ማዕዘን አድርገሽ፣ 1 ለ 1።